ውሃው ከታች ወደ ላይ ይወርዳል

ጥቅምት 6 ቀን

የእህቴ ልጅ፣ ለምኒቴ፣

ጤናሽን፣ ሥራሽን፣ እንቅልፍሽን፣ የክፍልሽን ማሞቂያ ሳይቀር አንድ በአንድ እንደጠየቅሁሽ ቁጠሪልኝ። ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ከክፉ በሽታም ከክፉ አለቃም ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት። እኔም ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ምንም አልልም።

የምጽፍልሽ አንድ ነገር ግራ ስላጋባኝ ነው። በልጅነትሽ «ለምን? ለምን?» እያልሽ መድረሻ ታሳጪኝ ነበር፤ ለምኒት ያልኩሽም ለዚሁ ነው። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

ልብ አሳርፍን ታውቂያታለሽ፤ ያቺ ሐምራዊ አበባ ያላት፣ ቅጠሏ ጸጉራም የሆነች፣ ልቡ ለሚመታበት ሰው የምሰጣት። ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ ማንኪያ እየሰፈርኩ ስሰጥ አንድ ሰው ተመልሶ «ምን አቀመስከኝ?» ብሎኝ አያውቅም። ባለፈው ክረምት ግን ዘወትር የምለቅምበትን ቦታ ጎርፍ ግማሹን ጠርጎ ወሰደው። ለሱቁ ስለጎደለኝ ከሌላውም ቦታችን ለቀምኩና ሁለቱን በአንድ ቆርቆሮ ቀላቀልኩ። ከዚያ ወዲህ ጉድ ሆኗል። አንዷ መጥታ «ሣር ነው እንዴ የሸጥክልኝ?» ትለኛለች። በማግስቱ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ግድግዳ ተደግፎ መጣና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልቤን አሳርፍልኝ አልኩህ እንጂ አቁምልኝ አልኩህ?» አለኝ።

ሁለቱን ቅጠል ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርጌ በማጉያ መነጽር አየኋቸው። ጸጉራቸው አንድ፣ ሽታቸው አንድ። ታዲያ የተለወጠችው ቅጠሏ ናት ወይስ የከዳኝ እጄ ነው? ስለ ልብስ ሰፊው አልጨነቅም፤ ድኖ ስሜን ሲያጠፋ ይውላል። የምጨነቀው ስለ እናትሽ ነው። ስድስት ዓመት ልቧ ተረጋግቶ የኖረው በዚች ቅጠል ነው። የእሷን ለብቻ ያስቀመጥኩላት ከቀድሞው ቦታ የተለቀመ ነው፤ እሱም ቢበዛ እስከ የካቲት ቢያደርሳት ነው። ከዚያ በኋላ ምን ልስጣት? የምትሠሪበት የመመርመሪያ ማሽን ይህን ይመልስ እንደሆነ ንገሪኝ።

አጎትሽ

ጥጉ ላይ እኔም ልጻፍ። ደህና ነኝ። አጎትሽ ያለ ጭንቀት መኖር አይችልም። ብርድ ልብስ ደርበሽ ተኚ። እናትሽ


ጥቅምት 28 ቀን

የተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ ይብዛ፤ እጅዎም በሰው አፍ አይግባ። እማዬን በሁለቱም ጉንጯ ይሳሙልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ማሞቂያው ይሠራል፤ አለቃዬም ዝምተኛ ናት እንጂ ክፉ አይደለችም።

የምሠራው ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። አራት ማሽን፣ አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ፣ ብልቃጥ የተደረደረበት መደርደሪያ፣ እና እኔ። ደብዳቤዎን ለአለቃዬ ተረጎምኩላት። ልብስ ሰፊው ጋ ስደርስ ሳቀች፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኑን ተጠቀሚ ብላኛለች።

እጅዎ አልከዳዎትም። አንድ ተክል ሁለት ቦታ ሲበቅል አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖርም። ብርድና ነፋስ የሚመታው፣ ፀሐይ የሚያቃጥለው፣ ራሱን ለመከላከል መራራ ነገር አብዝቶ ያዘጋጃል። ውሃና ጥላ ያገኘው ይሰንፋል። ብዙ ትውልድ ተለያይተው ከቆዩ ደግሞ ዘራቸውም እየተለያየ ይሄዳል፤ በመልክ መንታ ሆነው በጠባይ ባዕድ ይሆናሉ። ልብ የሚያሳርፈው ያው መራራው ነው። በልክ ሲሆን መድኃኒት ነው፤ ካለፈ ልብን አዘግይቶ አዘግይቶ ያቆማል። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ሲናገር ቀልድ አድርገው አይውሰዱት።

የእኛ ቤተሰብ አንዱ መሬት ተራራው ላይ፣ ሌላው ወንዙ ዳር እንደሆነ ትዝ ይለኛል። ከሁለቱም ከሃያ ሃያ ተክል ሦስት ሦስት ቅጠል ይልቀሙልኝ። በጥላ ይድረቅ። በላስቲክ አያድርጉት፤ ይሻግታል። በፖስታው ላይ ረጅም ነገር መጻፍ አያስፈልግም፤ አንዱን «የላይ»፣ ሌላውን «የታች» ቢሉ ይበቃኛል። እስከዚያ የእማዬን ሻይ እንዳይለውጡ አደራ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 19 ቀን

ለምኒቴ፣

ሰላምታዬ ከፖስታው ቀድሞ ይድረስሽ፤ ፖስታው እንደሆነ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። የከተማው ስልክም ከክረምቱ ጀምሮ አፉን ዘግቷል፤ ስለዚህ በደብዳቤ እንዘልቃለን።

ያዘዝሽውን ልኬያለሁ። ሃያ ከዚህ፣ ሃያ ከዚያ። የላይ ቤቱን በቀይ እርሳስ «የላይ»፣ የታች ቤቱን በሰማያዊ «የታች» ብዬ ጽፌበታለሁ። ለሌላ ሰው ቢሆን ካርታ እሥል ነበር፤ ለአንቺ ግን ተወልደሽ ለተጠመቅሽበት ምን ማስረዳት ያሻል?

የፖስታ ቤቱ ሰውዬ «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ። «ቅጠል» አልኩት። «እዚያ ቅጠል አልቆ ነው?» አለ። «የለም፣ የእኛ ቅጠል ጠባይዋ ተበላሽቶ ለምርመራ ነው» ስለው እንደ እብድ አየኝ። ማኅተሙን ግን በደንብ መታልኝ።

ሱቄ ውስጥ ሰው ቀንሷል። የሚመጡትም «ከየትኛው ቆርቆሮ ነው?» ይሉኛል። እንደዚያ ተብዬ አላውቅም ነበር፤ ትንሽ ሆድ ባሰኝ።

አጎትሽ

ደህና ነኝ። ቅጠል ሲለቅም ጉልበቱን እያመመው ነው የለቀመልሽ፤ አልነግርሽም ብሎ ነው። እናትሽ


ጥር 8 ቀን

የተከበሩ አጎቴ፣

በዓሉ የጤና ይሁንላችሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዘገየሁት ያየሁትን ስላላመንኩ ነው።

ማሽኑ በአንድ ቅጠል ውስጥ መራራው ነገር ምን ያህል እንደሆነ በሹል መስመር ይሥላል። የመጀመሪያውን ቅዳሜ «የላይ» ያሉትን ከተትኩ፤ መስመሩ ትንሽ ብቅ ብሎ ተመለሰ። «የታች» ያሉትን ስከት ከወረቀቱ ጫፍ ሊወጣ ምንም አልቀረው። አምስት እጥፍ ነው። ደገምኩት፤ አሁንም አምስት እጥፍ። እኔ የጠበቅሁት ተቃራኒውን ነበር። ያነበብኩትም ሁሉ ተቃራኒውን ይላል። አለቃዬ ወረቀቱን አየችና «ብልቃጥ አልተቀየረብሽም?» አለች። አልተቀየረብኝም።

ለምን እንደሆነ ባይገባኝም ውጤቱ ግልጽ ነው። «የላይ» ለስላሳዋ ናት፤ «የታች» ኃይለኛዋ ናት። ለእማዬ የላይዋን ብቻ ይስጧት። ቆርቆሮዎቹንም ይለዩ። ልብስ ሰፊውን የመታው የታችኛው ነው፤ እጅዎ ንጹሕ ነው።

ከሁለቱም ቦታ አንድ አንድ እፍኝ አፈር ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 27 ቀን

ለምኒቴ፣ ክፉ አይንካሽ፣

«እጅዎ ንጹሕ ነው» ያልሽበትን ቦታ ለልብስ ሰፊው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «የእህትህ ልጅ ናት፤ ምን ልትልህ ኖሯል?» አለኝ። ይበል። እኔ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የተባለውን ነገር ተኛሁ።

ነገሩ ሁሉ እኔ ከማውቀው ጋር ገጠመልኝ። እናትሽ ስድስት ዓመት የጠጣችው የላይዋን ነው። ችግሩ ግን ጎርፍ የወሰደው ያንኑ የላይ ቤቱን ማሳ መሆኑ ነው። የተረፈውን በጣቴ ቆጥሬ ጨርሼዋለሁ፤ ዘንድሮ እንኳን ለሰው ለንብም አይበቃ። ቆርቆሮዋ ውስጥ የቀረው ለሦስት ሳምንት ነው። ባለፈው ሳምንት አሳንሼ ብሰጣት ልቧ መታባት፤ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አደረች። አልነግርሽም ብዬ ነበር፤ ይኸው ነገርኩሽ።

የምጠይቅሽ ይህን ነው፤ ከታችዋ አንድ አምስተኛ ማንኪያ ብሰጣት ያው አይሆንም? አምስት እጥፍ ካልሽ በአምስት ማካፈል ነው። ሒሳብ ድሮም አልወድም፤ በእናትሽ ላይ ደግሞ ጨርሶ አልሞክረውም። ቶሎ መልሺልኝ።

አፈሩን ልኬያለሁ።

አጎትሽ

ደህና ነኝ። አትጨነቂ። እናትሽ


የካቲት 16 ቀን

የተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እመልሳለሁ። እማዬ ቁጭ ብላ ማደሯን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በአምስት እንዳያካፍሉ። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ይለያያል፤ የማንኪያ ጉዳይ አይደለም። ደግሞም ለምን እንደሚቸገሩ አልገባኝም። ተራራው ሰፊ አይደለም እንዴ? ጎርፍ አንዱን ጎን ቢያጥበው ሌላው ጎን አለ። ሰው ይዘው ወደ ተራራው ይውጡና ከጫፉ እስኪበቃዎ ይልቀሙ፤ የተራራው ለስላሳ ስለሆነ እንደ ድሮው በሙሉ ማንኪያ ይስጧት። ከወንዙ ዳር ያለውን ግን በፍጹም እንዳይነኩ። ኃይለኛው እሱ ነው።

ምክንያት ሳጣለት ቆይቼ በመጨረሻ አንድ ምክንያት አገኘሁለት። ወንዙ ዳር ሙቀት ስላለ ተባይ ይበዛል፤ ተክሉ ተባዩን ለማባረር መራራውን ያበዛል። ለአለቃዬ ስነግራት «ሊሆን ይችላል» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያልገባኝ አፈሩ ብቻ ነው፤ «የታች» ያሉት ጠጠራም ሆነ፣ «የላይ» ያሉት ደግሞ ለስላሳ ደለል። እሱን ሌላ ጊዜ እናየዋለን።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 5 ቀን

ለምኒቴ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ራሴ ግን እንደ ወትሮው አይደለም፤ ዞሮብኛል።

የጥሩን ደብዳቤ በቀኝ፣ የየካቲቱን በግራ አስቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኳቸው። በጥሩ «የላይዋ ለስላሳ ናት» ትያለሽ። በየካቲቱ «የተራራው ለስላሳ ነው» ትያለሽ። የቱን ልያዝ? መነጽሬ ይሆናል ብዬ ጎረቤታችን ላለችው ነርስ አስነበብኳት። «ተራራው ነው የሚለው፤ ወንዙን አትንኩ ይላል» አለችኝ። በኋላ ሳስበው ማሽኑን ደግመሽ አይተሽ የጥሩን ያረምሽው መሰለኝ። አለቃሽም ተጠራጥራ አልነበር? የተማረ ሰው ስህተቱን ሲያርም አይጮህም፤ ዝም ብሎ አዲሱን ይጽፋል።

እኔ ከልቤ አላመንኩም። ግን ቆርቆሮዋ ባዶ ነው። እትዬ እናትሽም ልቧ እየመታ «ኧረ ያቺን ሻይ» ትለኛለች። የማውቀው እጄን ነው፤ አንቺ የምታውቂው ማሽንሽን ነው፤ ከሁለታችን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ከተራራው አስለቅሜ ጀምሬላታለሁ። ብቻ መጀመሪያ እኔ ሳልቀምስ አልሰጣትም፤ የሙያው ደንብ ነው።

እስኪ በአንድ ቃል መልሺልኝ። ተራራው ነው ወይስ የላይዋ?

አጎትሽ

ደህና ነኝ። ሻዩ ትንሽ መረረኝ። እናትሽ


መጋቢት 25 ቀን

የተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ፣ እባክዎ አያምታቱኝ። ተራራውም የላይዋም ያው አንድ ነገር ነው፤ አንድም ቃል አልቀየርኩም። ከተራራው ከጀመሩ መልካም አድርገዋል፤ ይቀጥሉ።

አሁን ግራ የገባኝ እኔ ነኝ። የቅጠሎቹን ዘረመል አስመርምሬ ነበር። ዘረመል እንግዲህ የዘር መዝገብ ማለት ነው፤ ማን ከማን እንደመጣ ይናገራል። የ«ታች»ዎቹ ሃያ ተክሎች ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ባዕድ አልገባባቸውም። «የላይ» ባሉኝ ውስጥ ግን የታችኞቹ ልጆች በብዛት አሉ፤ ከሌላም ከሌላም የመጡ አሉባቸው። ይህ ማለት ዘሩ ከወንዝ ዳር ተነሥቶ ዳገቱን ወጥቷል ማለት ነው። ዘር ደግሞ እግር የለውም። በስብሰባ ላይ ሳቀርበው አንዱ «በአሳንሰር ነው የወጣው?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ፊቴ ቀልቶ ወረድኩ። አለቃዬ አልሳቀችም፤ «መጀመሪያ ለቅመው የላኩትን ሰው ጠይቂ» አለችኝ።

ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ። ዘሩን ከታች ወደ ላይ የወሰደ ሰው አለ? ምናልባት እርስዎ ዘርተው ረስተውት ይሆን? እንዳያፍሩ፤ እውነቱን ብቻ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 20 ቀን

ለምኒቴ፣

ጤናሽ ይብዛልኝ። ዘገየሁብሽ። ጽሕፈቴ ጠመም ካለብሽ ጠረጴዛው አይደለም፤ እኔው ነኝ። ትንሽ ድክም ብሎኛል። ዕድሜ ነው። የመብራቱ ዙሪያ ቢጫ ቢጫ ይለኛል፤ ነርሷ መነጽር ቀይር አለችኝ። ምግብም ብዙ አይገባልኝ። እትዬ እንኳ ከእኔ ትሻላለች፤ ልቧ መምታቱን ትቶላታል፤ ስትነሣ ታዞራታለች እንጂ።

ዘሩን ወስደህ ዘራህ ወይ ላልሽኝ፣ እኔ ዘርቼ አላውቅም። ማንም አልወሰደውም። ውሃው ነው የሚያመጣው። በየክረምቱ ከታች ወደ ላይ ይወርዳል። ከታች ቤት ተነሥቶ፣ ገደሉን ዞሮ፣ ያገኘውን ዘር ሁሉ እየጠረገ ላይ ቤት ደጃፍ ላይ ያራግፈዋል። አንቺስ በልጅነትሽ የዋኘሽበት አይደለም? ይህን ለማወቅ ማሽን ምን ያስፈልጋል?

ተራራው ነው ካልሽኝ በኋላ አልጠየቅሁም። አንድ ነገር ናቸው አልሽ። እንዴት አንድ እንደሆኑ ግን ዛሬም አልገባኝም፤ ደክሞኝ ነው ብዬ ተውኩት።

አጎትሽ

ደህና ነኝ። እሱ ግን አላማረኝም። እናትሽ


ቴሌግራም፣ ግንቦት 6 ቀን

ሻዩን አቁሙ። ሁለታችሁም አትጠጡ። ኃይለኛው የተራራው ነው። ስህተቱ የእኔ ነው። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ። ቅጠሉን ለሐኪሙ አሳዩ።


ግንቦት 6 ቀን

አጎቴ፣

ሰላምታ የምጽፍበት እጅ የለኝም። ይህ ሲደርስዎ ቴሌግራሙ ቀድሞ ደርሶ ይሁን፤ ሌላ አልለምንም።

«ከታች ወደ ላይ ይወርዳል» ያሉትን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ለአለቃዬ ላሳያት ደረጃውን እየወጣሁ ሳለ ነው የገባኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ላይ ቤት ከሁለቱ ወንድማማች አያቶቻችን የታላቁ ቤት ነው። ላይ የተባለው በታላቅነቱ ነው፤ ታላቁ ስለሆነ ደህናውን፣ ውሃ ያለውን የወንዝ ዳር መሬት ወሰደ። ታናሹ ታች ቤት ተባለ፤ ጠጠሩንና ተራራውን ሰጡት። ከዚያ ቤተሰብ ተወልጄ፣ ስሙን እየሰማሁ አድጌ፣ ላይ ስትሉኝ ከፍታ መሰለኝ! በሰባት ዓመቴ ለትምህርት ወጣሁ፤ ቃሉን ይዤ ሄድኩ፤ ትርጉሙ ግን እናንተ ጋ ቀረ።

እርስዎ በትክክል ጽፈዋል። ማሽኑም በትክክል አንብቧል። ዘረመሉ ነገረኝ፤ አፈሩ ነገረኝ፤ እርስዎም በመጋቢት በቀጥታ ጠየቁኝ። «አያምታቱኝ» አልኩዎት። ያንን ቃል ከወረቀቱ ላይ ፍቄ ብበላው በወደድኩ።

ቢጫ ማየትዎ የመነጽር አይደለም። ድካሙም የዕድሜ አይደለም። ምን ያህል ነው የጠጡት? «እቀምሳለሁ» ሲሉ በምላስዎ ጫፍ መስሎኝ ነበር። እባክዎ መጠኑን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ አይፍሩ፤ አይኩሩ።

ማንም ይጻፍልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 29 ቀን

ልጄ፣

እስከዛሬ በአጎትሽ ወረቀት ጥግ ላይ ነበር የምጽፈው። ዛሬ ሙሉ ወረቀት ተሰጥቶኝ ከየት እንደምጀምረው አላውቅም። ፈጣሪ ያበርታሽ ብዬ ልጀምር።

ቴሌግራሙ በማግስቱ ደርሶናል። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ራሱ እየሮጠ አመጣው። አጎትሽ ሱቁ ውስጥ ወንበሩ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ «አዬ፣ ላይ ማለት ከፍታ መስሏት ነው!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ልብስ ሰፊው ጋሪ አስመጥቶ ሁለታችንንም ሆስፒታል ወሰደን። እኔን አስተኝተው በሦስተኛው ቀን «ደህና ነሽ» አሉኝ። እሱ ሐሙስ ጠዋት ዐረፈ። ልቡ ዘገየ፣ ዘገየ፣ ከዚያ ቆመ። አልጮኸም። አልተሠቃየም ብዬ ልጽፍልሽ እችላለሁ፤ እውነቱን ግን አላውቀውም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

ሐኪሙ ምን ያህል ጠጣ ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ያፈላል። ግማሹን ቆሞ ይጠጣና ግማሹን ለእኔ ይሰጠኛል። «ድሮ ሙሉ ነበር፤ ዛሬ ለምን ታጎድልብኛለህ?» ስለው፣ «ቅጠል ተወዷል፣ እትዬ» ይለኛል። ሁለት ወር ሙሉ ሰሰተብኝ ብዬ አኩርፌዋለሁ። ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ? «ሙሉውን ጠጥተሽ ቢሆን ዛሬ አንቺን አናገኝሽም ነበር» አለኝ። ሳያምን መስጠትም አቃተው፤ አለመስጠትም አቃተው፤ ከሁለቱ መካከል ገብቶ ግማሹን በራሱ ላይ አደረገው።

እኔ ማንን እንደምቆጣ አላውቅም። አንቺን እንዳልቆጣ ልጄ ነሽ፤ ሳትተኚ የሠራሽውም ለእኔ ብለሽ ነው። እሱን እንዳልቆጣ የለም። አንድ ቀን አንቺን ረገምኩሽ፤ በማግስቱ ደግሞ ስላንቺ አለቀስኩ። እንዲህ እንዲያ እያልኩ ነው የምውለው። ይቅር ብዬሻለሁ ወይ ብትይኝ፣ ጠዋት አዎ፣ ከሰዓት በኋላ እንጃ። የማይመስለኝን ጽፌ አላታልልሽም። አንቺ ግን መጻፍሽን አታቋርጪ።

ሱቁን ልብስ ሰፊው ቆልፎ ቁልፉን አምጥቶልኛል። ሐኪሙ የሰጠኝን ክኒን እየዋጥኩ ነው። ዛሬ ጠዋት ነርሷ መጥታ እጄን ይዛ ቆጠረችልኝ፤ «ስልሳ ስምንት፣ በጣም ጥሩ ነው» አለችኝ። ልነግረው ተነሥቼ ወደ ክፍሉ ሄድኩ።

እናትሽ